ሁለት ከእጅ፣ ሦስት ከመሬት

ሃይደር አምስተኛውን ካርታ ገለጠው። ዘጠኝ ነበር።

መሬት ላይ ሁለት ዘጠኝ፣ አንድ ክዊንና አንድ አራት አስቀድመው ተዘርግተዋል። ሦስተኛው ዘጠኝ ሲጨመር ጉግሳ ከንፈሩን ነከሰ። ገረመው በእጁ የያዛቸውን አራት ካርታዎች ወደ ደረቱ አስጠግቶ አንዴ አያቸው። አጠገባቸው የቆመው ዘበኛው ኣፅብሃ ከአፉ ያወጣውን መፋቂያ መልሶ መክተት ረሳ።

የሚጫወቱት እንደወትሮው ለሻይ አልነበረም። የተሸነፈው የጭነት መኪናውን ይዞ ወደ ሰሜን ግንባር ይሄዳል። ያሸነፈው ገርጂ ይቀራል።

ጊዜው ኅዳር 1991 ነው። ቦታው ገርጂ ውስጥ በቆርቆሮ የታጠረ የመኪና ግቢ ነው። ግቢውም፣ ውስጡ የቆሙት ሦስት አሮጌ ኤንትሬዎችም የሐጂ አብዱልሐሚድ ናቸው። ኤንትሬ ተሳቢ የሚጎትት የጣልያን መኪና ነው፤ እነዚህ ሦስቱ ዕድሜያቸውን የጨረሱት አሰብ ሲመላለሱ ነው። ባለፈው ግንቦት ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር የአሰብ መንገድ ተዘጋ። በጅቡቲ መስመር ጭነት የሚደርሰው ዘመድ ላለው ነበር። የሐጂ ሾፌሮች ክረምቱን በሙሉ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው አሳለፉ፤ ካርታ የገባውም ያኔ ነው።

ጨዋታውን ያመጣው ኣፅብሃ ነው። በወጣትነቱ በዕቃ ጫኝ መርከብ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ሲልጥ ከግሪኮችና ከፊሊፒንስ መርከበኞች ተማረው። በኋላ አሰብ ወደብ ላይ ተቀጠረ። ጦርነቱ ሲመጣ አንድ ሻንጣ ይዞ ወጣና ገርጂ ዘበኛ ሆነ። ሻንጣው ውስጥ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ምላጭና አንድ ፓኬት ካርታ ነበር። መርከበኞቹ ጨዋታውን ኦማሃ ይሉታል። የግቢው ሰው ግን በሕጉ ጠራው፦ ሁለት ከእጅ፣ ሦስት ከመሬት።

ለእያንዳንዱ ተጫዋች አራት ካርታ ተከድኖ ይሰጠዋል። ሌላ አምስት ካርታ መሐል ላይ የሁሉም ሆኖ ይገለጣል። ካርታው የሚዘረጋው ጎማ ላይ በተጋደመ ጣውላ ቢሆንም ቦታው «መሬት» ነው የሚባለው። ተጫዋቹ ከእጁ ሁለት፣ ከመሬት ሦስት ወስዶ አምስት ያደርጋል። አንድ ከእጅ፣ አራት ከመሬት የሚባል የለም። ሦስት ከእጅም የለም። የሚበልጠው አምስት ያሸንፋል። ሕጉ ይኸው ነው፤ ሕፃን ይገባዋል። ሾፌሮቹ ግን በየቀኑ ይሳሳቱበት ነበር።

ጉግሳ ገና ጨዋታውን በለመደ ሰሞን አራት ኪንግ በአንዴ ደረሰው። ካርታውን ጣውላው ላይ ዘረገፈና ተነስቶ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ እስክስታ ጀመረ።

«ቁጭ በል» አለው ኣፅብሃ። «ከዚህ የባሰ እጅ የለም።»

«አራት ኪንግ እኮ ነው፣ አቦ!»

«የምትጠቀመው ሁለቱን ብቻ ነው። ሦስተኛ ኪንግ መሬት ላይ እንዳይመጣልህ ደግሞ ራስህ ይዘኸዋል።»

«ታዲያ የቀሩትን ሁለቱን ምን ላድርጋቸው?»

«ሻይ ጋብዛቸው።»

ሌላ ቀን መሬት ላይ አራት ስፔድ ወጣ። ገረመው የስፔድ ኤስ ይዞ ነበር። አምስት ስፔድ ሆነልኝ፣ ፍላሽ ነው አለ። በእጁ ሌላ ስፔድ ስላልነበረው ፍላሽ አልነበረውም። የስፔድ ሁለትና የስፔድ ስድስት የያዘው ጉግሳ አሸነፈውና ገረመው በውርርዱ መሠረት የሦስቱንም መኪና ጎማ ሲያገላብጥ ዋለ።

«ረዳት አለኝ ብዬ ነው» አለ ገረመው ላቡን እየጠረገ።

ይህ «ረዳት» የግቢው የራሱ ስህተት ነበር። የጭነት መኪና ሾፌር ብቻውን አይጓዝም፤ ከጎኑ ረዳት ይቀመጣል። ረዳት ጎማ ይቀይራል፣ ሸራ ያስራል፣ ሾፌሩ እንዳያንቀላፋ ወሬ ያወራል፤ መሪ አይነካም። ያም ሆኖ መኪናው ላይ ካሉት ሰዎች ጋር ይቆጠራል። ሾፌሮቹ ይህንኑ ወደ ካርታው አመጡት። ሁለት ካርታ ከእጃችሁ ግፉ ሲባሉ የሚሠራውን አንዱን ይገፋሉ፤ ከጎኑ ምንም የማይሠራ ሌላ ካርታ ያስቀምጡና «ረዳቱ ነው» ይላሉ። ሁለት ተገፍቷል፤ ሕጉ የተሟላ ይመስላቸዋል። ዓይናቸው ግን ከመሬት አራት ይቆጥራል።

«እዚህ ረዳት የለም» ይላቸዋል ኣፅብሃ። «ሁለቱም ነው የሚነዱት።»

ለጥቂት ቀን ያስታውሱታል። ከዚያ ይረሱታል።

ሃይደር አይሳሳትም ነበር፤ ስለማይጫወት።

ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። የተወለደው ባቲ ነው፤ አባቱ ሰኞ ገበያ ላይ ፍየል የሚያሻሽጡ ደላላ ነበሩ። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ኮምቦልቻ ላይ የገረመው መኪና ላይ ወጣና ረዳት ሆነ። ስምንት ዓመት ከጎኑ ተቀመጠ። ሚሌ ላይ ወባ ጥሎት ራሱን ሲስት ገረመው ጭነቱን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ በሰው መኪና ደሴ አደረሰው። መሪ ያስጨበጠው ገረመው ነው። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ሐጂ ፊት ቀርቦ «ይሄ ልጅ ከእኔ ይሻላል» ብሎ ሥራ ያስገባውም ገረመው ነው። ፈሂማን ሊያገባ ሲል ሽማግሌ ከላካቸው መሐል ክርስቲያን ገረመው ብቻ ነበር፤ የፈሂማ አባት በጥርጣሬ ሲያዩት «እኔ የመጣሁት ለመንዳቱ ልመሰክር ነው፤ ለሃይማኖቱ እነዚህ ይመስክሩ» አላቸውና አሳቃቸው።

ቁማር ሐራም ነው ብሎ ሃይደር ካርታ ይዞ ተወራርዶ አያውቅም። ሌላውንም ሰብኮ አያውቅም። መጀመሪያ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። ቀጥሎ ኣፅብሃ አዳይ አደረገው፤ ሌሎቹ ሲያድሉ ያጭበረብራሉና። በመጨረሻ አንባቢ ሆነ፤ ክርክር ሲነሳ የተዘረጋውን አይቶ የሚፈርድ እሱ ነው። ከማንም እጅ የሚያገኘው ነገር ስለሌለ ቃሉ ይጸና ነበር።

«ካልተጫወትክ እዚያ ምን ትሠራለህ?» አለችው ፈሂማ አንድ ቀን።

«አነባለሁ።»

«ቁርኣኑን እንዲህ ብታነበው ኖሮ ይሄኔ ሼህ ነበርክ።»

አንባቢም ሕግ ነበረው። ሕጉ ኣፅብሃ ከመርከቡ ያመጣው ነው። ተጫዋች እጁን ራሱ በአፉ ይጠራል። አንባቢ ካልተጠየቀ አይናገርም። ተከድኖ የተጣለ ካርታ ሞቷል፤ ምንም ይሁን ምን ማንም መልሶ አይከፍተውም።

በኅዳር ሐጂ አብዱልሐሚድ ቦሌ መንገድ ላይ ካለው ቢሮአቸው መጡና ግቢው መሐል ቆሙ። ለግንባር ዱቄት የሚጭን አንድ መኪና ከነሾፌሩ እንዲሰጡ ተጠይቀዋል። ፊታቸው ጠቁሯል።

«እኔ ሰው መርጬ አልልክም» አሉ። «እናንተው ተስማሙና ስም ስጡኝ።»

የሃይደር መኪና ሞተሯ ከነሐሴ ጀምሮ ወርዶ መለዋወጫ ይጠበቅለታል። ስለዚህ ነገሩ በገረመውና በጉግሳ መካከል ሆነ። ገረመው ሃምሳ ሊሞላው ነው፤ ከሚስቱ ከየሺአረግ አራት ልጆች አሉት፤ ትልቋ ገና ስምንተኛ ክፍል ናት። ጉግሳ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አላገባም፤ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ከአልጋ መነሳት ካቃታት እናቱ ጋር ይኖራል። የሚያበላት፣ የሚያጥባት ሌላ ሰው የላትም። ከጎረቤት ግቢ በመስከረም የሄዱት ሁለት ሾፌሮች እስካሁን ድምፃቸው አልተሰማም።

ዕጣ ጣሉ። ለጉግሳ ወጣ። ወረቀቱ ምልክት ነበረው ብሎ ጮኸ። እንደገና ጣሉ፤ ለገረመው ወጣ። ዕጣ ማለት መጀመሪያ የወጣው ነው አለ ገረመው። ሊያያዙ ደረሱ። ሃይደር መሐል ሲገባ ጉግሳ ወደ እሱ ዞረ።

«ያንተ ሞተር ቀን አውቃ ነው የታመመች። የሐጂ አገር ልጅ መሆን እንዴት ደስ ይላል!»

«ነሐሴ ላይ አብረን ነው ያወረድናት። ጣትህን የቀጠቀጥክባት ጊዜ እናትህን ስትጠራ አልነበር?»

ጉግሳ ጣቱን አየና ቁጣው ትንሽ በረደ።

«በካርታ ይለይ» አለ። «አንድ እጅ። ሃይደር ያድል፣ ሃይደር ያንብብ።»

ገረመው ሃይደርን አየው።

«እሱ ካለ እሺ።»

«ይሄ ጨዋታ አይደለም፣ ጋሼ» አለ ሃይደር።

«ዕጣም ጨዋታ አይደለም። አድል።»

ሃይደር ካርታውን በወዘ። አራት አራት ሰጣቸው። አምስቱን መሬት ላይ አንድ በአንድ ገለጠ። አምስተኛው ዘጠኝ ሆነ።

ገረመው አልቆየም። ከእጁ አንድ ክዊንና አንድ ኪንግ አውጥቶ ወደፊት ገፋቸው። የቀሩትን ሁለቱን ከድኖ ወደ ጎን አደረገ።

«ፉል» አለ። «ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ። ክዊን፣ ክዊን።»

ሦስት አንድ ዓይነት ከሁለት አንድ ዓይነት ጋር ሲሆን ፉል ይባላል፤ ከባድ እጅ ነው። ለሚያየው ሰው የገረመው ክዊንና የመሬቱ ክዊን ወዲያው ይጣመራሉ፤ ሦስቱ ዘጠኞች ደግሞ አጠገባቸው ተደርድረዋል። ኪንጉን ማንም አላየውም።

ጉግሳ በእጁ ሁለት አምስት ነበረው። ሦስት ዘጠኝ ከመሬት፣ ሁለት አምስት ከእጅ፤ እሱም ፉል ነው። አምስት ግን ከክዊን ያንሳል። ሂሳቡን የሠራው በፍርሃት ስለነበር ከዚያ አላለፈም። አፍንጫው ላይ ላብ አወጣ።

«በቃ» አለ። «እማዬን አደራ።»

አራቱንም ካርታ በአንድ እጁ ሰብስቦ ከድኖ ሊጥላቸው አጎነበሰ።

ሃይደር የጉግሳን ካርታ አላየም። ጉግሳ ምንም ያልያዘ ሊሆን ይችል ነበር። የገረመውን ግን አይቷል። ክዊን ከእጅ፣ ኪንግ ከእጅ፤ ከመሬት የሚወሰደው ሦስት ብቻ ነው። ሦስቱ ዘጠኝ ከተወሰዱ የመሬቱ ክዊን ይቀራል። ክዊኑ ከተወሰደ አንድ ዘጠኝ ይቀራል። በየትኛውም ፉል የለም። ገረመው ያለው ሦስት ዘጠኝ ነው፤ ሦስት ዘጠኝ ደግሞ መሬት ላይ ስለሆነ ጉግሳም አለው።

ማንም አልጠየቀውም።

«ጉግሳ፣ አትጣል» አለ።

የጉግሳ እጅ ቆመ። ኣፅብሃ «ሃይደር» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደሚያስጠነቅቅ ሰው።

«ፉል አይደለም። ኪንጉ ረዳት ነው።»

ገረመው ቀና አለ።

«ማን ጠየቀህ?»

ጉግሳ በጣቱ ጣውላው ላይ መቁጠር ጀመረ። ክዊን፣ ኪንግ። ከዚያ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ። አምስት ሞላ። ጣቱ የመሬቱን ክዊን ሳይነካ ቆመ። እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠረ። ከዚያ ሁለቱን አምስት አወጣና ተራ በተራ፣ ዕቃ እንዳይሰበርበት እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ አስቀመጣቸው።

«ፉል» አለ።

ገረመው ወደ ኣፅብሃ ዞረ።

«ሕጉ ምን ይላል?»

«ሕጉ አንባቢ ካልተጠየቀ አይናገርም ነው የሚለው። መርከብ ላይ ቢሆን ሃይደርን ለሁለተኛ ጊዜ ካርታ አያስነኩትም።»

«እጁስ?»

ኣፅብሃ መፋቂያውን በጣቱ አዟዟረ።

«እጁማ ተከፍቷል፣ ገረመው። የተከፈተውን እኔ ምን ብዬ ልክደነው።»

ጉግሳ ሁለት ክንዱን ዘርግቶ ወደ ሃይደር መጣ። ሃይደር በመዳፉ ደረቱን ገፋው። «ሂድ ከዚህ» አለው። ጉግሳ ሄደ፤ የግቢው በር ጋ ሲደርስ መሮጥ ጀመረ።

ገረመው ካርታዎቹን ሰብስቦ አስተካክሎ ለኣፅብሃ ሰጠ።

«ስምንት ዓመት አጠገቤ ተቀምጠሃል» አለው ሃይደርን። «ሳልጠይቅህ ተናግረህ አታውቅም ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ሃይደር ከገርጂ መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ በውይይት ታክሲ ሄደ። ሐጂ አብዱልሐሚድ ቢሮአቸው ውስጥ ሻይ ይጠጡ ነበር። ወሬው ቀድሞት ደርሷል። የገረመው ስም ገና እንዳልተላለፈ ነገሩት።

«እኔ ልሂድ፣ ሐጂ። የጋሼ ገረመውን መኪና ከማንም በላይ አውቃታለሁ። የተማርኩባት ናት።»

ሐጂ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«አንተ አልጫወትም ባይ ነበርክ አይደል?»

«አልጫወትም።»

«ሰው ቆርጠህ ስትሰጥ ታዲያ ምን እየሠራህ ነበር?»

«ውሸት ሲነበብ ዝም ማለት አልቻልኩም።»

«ውሸት አልነበረም። ስህተት ነበር። ዋሽቶ የፈረደ አልነበረም፤ ሁለት የፈሩ ሰዎች ተሳስተው ነበር።» ሽማግሌው ዓይናቸውን አሹ። «ልክ ነህ አልልህም፣ አጠፋህም አልልህም። አላህ ያውቃል። ገረመው እሺ ካለ ያንተን ስም እሰጣለሁ። ቃሉን አምጣልኝ።»

ገረመው ግቢ ውስጥ መኪናዋ ሥር ተኝቶ የፍሬን ቱቦ ያጠብቃል። ሃይደር ጎንበስ ብሎ ነገረው። ከሥሯ የቁልፉ ድምፅ አላቋረጠም።

«ሐጂ እሺ ብለዋል» አለ ሃይደር። «የቀረው የእርስዎ ቃል ነው።»

ገረመው በጀርባው እየተንፏቀቀ ወጣ። ፊቱ ላይ ግራሶ ነበረበት።

«ፈሂማ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ትናንት ሳትጠየቅ ተናገርክ። ዛሬም ሳትጠየቅ ትናገራለህ። አንዲት ልጅ ናት ያለችህ፤ ለእሷ አታዝንላትም? ወይስ የእኔ ፊት ነው የከበደህ?»

«ጋሼ፣ እኔ...»

«ተው። ሰው ፊት በካርታ ተሸንፌ፣ ሰው ፊት ባንተ ነፍስ ልቀር? ጉግሳ ምን ይለኛል? ልጆቼስ? አስራ አራት ቁጥር ቁልፍ አቀብለኝ።»

ሃይደር ቁልፉን አቀበለው። ገረመው ተመልሶ ሥሯ ገባ።

የሺአረግ የመጣችው በዚያው ቀን ከሰዓት ነው። የሃይደር ቤት ከግቢው ጀርባ ሁለት የኪራይ ክፍል ናት። ፈሂማ ልብስ ታሰጣ ነበር። የሺአረግ ሰላምታ አልሰጠችም፤ እሷና ፈሂማ በሁለቱም ሃይማኖት በዓላት ዳቦና ብስኩት የሚለዋወጡ ሴቶች ናቸው።

«ሃይደር አለ?»

ሃይደር በሩ ላይ ወጣ።

«አለሁ፣ እትዬ የሺአረግ። ይግቡ።»

«አልገባም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ገረመው አሸነፍኩ ብሎ ነበር?»

«ብለው ነበር።»

«ጉግሳስ? ተሸነፍኩ ብሎ አልነበር?»

«ብሎ ነበር።»

«ሁለቱ ከተስማሙ አንተ ከመሐል ምን አገባህ?»

«የተነበበው ትክክል አልነበረም።»

«ለእኔ ትክክል ነበር! ለአራት ልጅ ትክክል ነበር!» ድምፅዋ ጎረቤት ደረሰ፤ አንዲት ሴት ከአጥሩ ማዶ አንገቷን አወጣች። «ሚሌ ላይ ሞተህ ነበር። ማን አነሳህ?»

«እሳቸው።»

«ዝም ማለት ነው የተጠየቅከው። ዝም። እሱን እንኳ አልጠየቀህም፤ ሕጋችሁ ነው አሉ ዝም በል የሚልህ።»

«ጉግሳም እናት አለችው፣ እትዬ።»

«የጉግሳ እናት መጥታ ጠየቀችህ?»

ሃይደር ከአጥሩ ማዶ ያለችውን ሴት አየ።

«እሄዳለሁ ብለህ ነበር አሉ» አለች የሺአረግ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሱ እንቢ ቢልህ አንተ እንቢ አትበለው። ማታ ቁልፉን አንሳና ሂድ። መኪናዋ ከሄደች ምን ያመጣል?»

ፈሂማ የያዘችውን እርጥብ ቀሚስ ባልዲው ውስጥ መለሰችው።

«የት ነው የሚሄደው?» አለች።

ባሏን አየች፣ የሺአረግን አየች። ከዚያ ገባችና ልጇን ከአልጋው ላይ አንስታ ታቅፋት ወጣች፤ ልጅቷ ከእንቅልፏ ተነስታ ታለቅሳለች። ፈሂማ በሩ ላይ፣ በሃይደርና በየሺአረግ መሐል ቆመች።

«ይሄን ጨዋታ አይጫወትም፣ እትዬ የሺአረግ» አለች። «የተጫወተው የእርስዎ ባል ነው።»

የሺአረግ ነጠላዋን ጠቅልላ ሄደች። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም።

ሃይደር ቁልፉን አላነሳም። ሊያነሳ አስቦ እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። ኣፅብሃ እንዳለው ከሆነ በዚያ ሳምንት ሃይደር በየማለዳው ከሁሉ ቀድሞ እየመጣ የገረመውን መኪና ይሠራ ነበር። ፊልትሮ ለወጠ። የተሳቢውን መንጠቆ በየደ። ከራሱ መኪና ሁለት ደህና ጎማ ፈትቶ እሷ ላይ ገጠመ። ገረመው ሲመጣ ሥራውን አይቶ ያልፋል፤ አመሰግናለሁ አላለም፣ ተውም አላለም።

መኪናዋ የወጣች ቀን ጉግሳ ግቢ አልመጣም። ሐጂ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። የሺአረግ ትልቋን ልጅ ይዛ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ገረመው ጋቢናው ላይ ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ፤ ረዳት አልያዘም፣ በጎኑ ያለው ወንበር ላይ ብርድ ልብስና የስንቅ ዘንቢል ብቻ ነበር። ሃይደር በሩን በሰፊው ከፍቶ እንደ ድሮው ወደ ኋላ እየሄደ በእጁ አስወጣው። ግራ። ትንሽ ግራ። ና፣ ና፣ ና። ተሳቢው ምሰሶውን በጣት ልዩነት አለፈ።

መንገዱ ላይ ስትደርስ ገረመው ቆመና አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ሃይደር።»

«አቤት፣ ጋሼ።»

«የእውነት ፉል አልነበረም?»

ሃይደር መሪውን የያዘውን የገረመውን እጅ አየ።

«አልነበረም።»

ገረመው ራሱን ነቀነቀና ማርሽ አስገባ።

ካርታው ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ጉግሳ በታኅሣሥ የጅቡቲ ጭነት አገኘና መመላለስ ጀመረ። ኣፅብሃ ብቻውን ጣውላው ላይ ካርታ እየደረደረ ሃይደርን ይጠራዋል፤ ሃይደር ሥራ አለኝ ይላል። ሥራ አልነበረውም። የሞተሩ መለዋወጫ አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ያለ ሞተር በቆመችው መኪና ጥላ ሥር ምንጣፉን አንጥፎ ዐሱር ይሰግድና እዚያው ተቀምጦ ይቀራል። ፈሂማ ራት ልትጠራው ልጅቷን ትልካለች።

ገረመው በየካቲት እዚያው ግንባር ላይ ሞተ። ኤንትሬዋ በሰኔ ገርጂ ተመለሰች፤ ነድቷት የመጣው ሌላ ሰው ነበር። ሐጂ አብዱልሐሚድ መኪና የሌለው አንድ ሾፌር፣ ሾፌር የሌላት አንዲት መኪና ስለነበራቸው ከሐምሌ ጀምሮ በጅቡቲ መስመር የነዳት ሃይደር ነው።